ስለ አንድ የቬርሳይ የመዳብ ሰሌዳ ህትመት ዕድሜ

በእጄ ያለው የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ከመግቢያው አደባባይ በኩል የሚያሳይ፣ በአሲድ ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሥዕል ሲሆን፣ በግርጌው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1663 የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ነዳፊና ቀራጭ ሆኖ የተሾመው የእስራኤል ሲልቬስትር ስም ይነበባል። በ1684 የፈረሰው የቴቲስ ዋሻ (በቤተ መንግሥቱ አጠገብ በዋሻ አምሳል የተሠራ ሕንፃ) በስተቀኝ ቆሞ ስለሚታይ ሰሌዳው ከዚያ በፊት መቀረጹን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ የንጉሡ ሰሌዳዎች ከጊዜ በኋላ በ1797 ወደተቋቋመው፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የሉቭር ቤተ መዘክር የመዳብ ሰሌዳ ማተሚያ ተላልፈው እንደገና ሲታተሙ ስለኖሩ፣ የምስሉ ዕድሜ የወረቀቱን ዕድሜ አያረጋግጥልኝም።

በወረቀቱ ውስጥ ያሉትን የወንፊት መስመሮችና የውኃ ምልክት (ወረቀቱ ሲሠራ ወንፊቱ የሚተዋቸውን፣ በብርሃን ፊት የሚታዩ አሻራዎች) ለማየት ከመስኮት ብርሃን ፊት ብይዘውም፣ የቀድሞ ባለቤቱ በወፍራም ካርቶን ላይ በሙጫ ስላጣበቀው ምንም ብርሃን አያሳልፍም፤ ማላቀቁ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ብቻ የሚደፍረው ሥራ ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው የሕንፃው ጥላ ጥቁርና ጥርት ያለ ሲሆን፣ የሰማዩ ቀጫጭን መስመሮች ግን እዚህም እዚያም ተቆራርጠዋል፤ ይህም ሰሌዳው በተደጋጋሚ ህትመት ከማለቁ የመጣ ይሁን ከህትመቱ በፊት በሰሌዳው ላይ ያለው ቀለም ከመጠን በላይ በመወልወሉ መለየት አቅቶኛል።

ካርቶኑን ሳልነካ፣ ከፊት ገጹ ብቻ፣ ህትመቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን የሉቭር ዳግም ህትመት በየትኛው ምልክት መለየት እችላለሁ?