ላፕቶፔ 48 አሃዝ ቁጥር ካላስገባሽ አልከፈትም አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ሰብልዬ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ላስገባ ብዬ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ሴኩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ አጠፋሁት። መልሼ ሳስነሳው ሰማያዊ ስክሪን መጣና «ቢትሎከር ሪከቨሪ» ይላል። እኔ እኮ ቢትሎከር የሚባል ነገር አብርቼ አላውቅም! የምገባበትን ፒን ብሰጠውም እምቢ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ለአማካሪዬ አስገባለሁ። ፎርማት አድርጊው እንዳትሉኝ።

ቶሎ ፈቺ፦
ፎርማት አድርገው ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሰብልዬ፦
መጀመሪያ አንብብ እንጂ። ደግሞ እህትህ ነኝ።

ጋሽ ፔንጉን፦
ልጄ፣ ነገሩ ከሥሩ ይታይ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካስታወቀ ወዲህ የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ማሽኑን የሚያዘው ባለቤቱ ነው ወይስ ፕሮግራሙን የሠራው? አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ራሳቸው በቢትሎከር ይቆልፋሉ፣ የመክፈቻው ቅጂም ወደዚያው አካውንት ይሄዳል። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም (24ኤች2) ወዲህ ደግሞ ይህ በብዙ ማሽን ላይ ተለምዷል። መቆለፉን አልቃወምም፣ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅብሽ ሌባው ፋይልሽን አያነብም። እኔን የሚከነክነኝ ባለቤቱ ሳያውቀው ቁልፉ ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው። ኤፍቢአይ በ2025 የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ጓም ደሴት ላይ ለያዘው ምርመራ የሦስት ላፕቶፖችን ቁልፍ በፍርድ ቤት ማዘዣ ከማይክሮሶፍት ተቀብሏል። ሊኑክስ ላይ ሉክስ የሚባለውን የዲስክ መቆለፊያ ብትጠቀሚ የይለፍ ቃሉን የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ ማንም ጋ ቅጂ የለም። ከረሳሽው ግን የሚያድንሽም የለም።

ቡና በጀበና፦
ጋሼ፣ የልጅቷ ቤት እየተቃጠለ እርስዎ የክብሪትን ታሪክ ይነግሯታል። ሃሃሃ

የሽሮ ሜዳው፦
ቀላል ነው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ግቢና ቲፒኤም የሚለውን ክሊር በይው፣ መጠየቁን ይተዋል።

ማታ ጠጋኝ፦
ሰብልዬ፣ የላይኛውን እንዳታደርጊ! ቲፒኤም ማለት ቁልፉን ይዞ የተቀመጠው ቺፕ ነው። እሱን ካጸዳሽ ዲስኩ በራሱ የሚከፈትበትን መንገድ በእጅሽ ዘጋሽ ማለት ነው። ቺፑ ቁልፉን የሚያወጣው ማሽኑ ሲነሳ ሁኔታው እንደ ድሮው ሲሆን ብቻ ነው። ሴኩር ቡት ሲጠፋ «ሰው ነክቶታል» ብሎ ያዘብሽ። ስለዚህ ሴኩር ቡትን መልሰሽ አብሪው፣ ሴቭ አድርገሽ ውጪ። ብዙ ጊዜ ያለ ቁልፍ ይከፈታል። ባዮስ የሚገባው ኤችፒ ላይ በኤፍ10፣ ዴል ላይ በኤፍ2 ነው። ያንቺ ምንድን ነው?

ቶሎ ፈቺ፦
ካልሆነ ሚንቱን ከፍላሽ አስነሺና ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። አለቀ።

ማታ ጠጋኝ፦
አላለቀም። የተቆለፈ ዲስክ ከሚንትም ቢታይ የሚነበብ ነገር የለውም። 48ቱ ቁጥር ካላት ግን ሚንትም ይከፍትላታል፣ ፋይል ማናጀሩ ራሱ ይጠይቃታል።

ሞገደኛው፦
ይቅርታ ግን ሴኩር ቡትን አጥፊ ያለሽ ማነው? ኡቡንቱም ሚንትም ሴኩር ቡት እንደበራ ይነሳሉ፣ ዓመታት ሆኗቸዋል። ያረጀ ቪዲዮ እያያችሁ… ሐሙስ ጽሑፍ የሚያስገባ ሰውስ በዚህ ሳምንት ሲስተም ይቀይራል?

ሰብልዬ፦
ጓደኞቼ በሙሉ አስገብተው ቀለለን ስላሉኝ ነው። ስድቡን ከሐሙስ በኋላ እቀበላለሁ። @ማታ ጠጋኝ በኤፍ10 ገብቼ መለስኩት፣ አሁንም ያው ሰማያዊ ነው። በስልኬ የማይክሮሶፍት አካውንቴ ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ ምንም ቁልፍ የለም ይላል።

ማታ ጠጋኝ፦
ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተልሽ ማነው?

ሰብልዬ፦
የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ። ሁሉን ነገር አዘጋጅቶ፣ ኦፊስ ጭኖ ነው የሰጠኝ። እኔ ፒኑን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ማታ ጠጋኝ፦
በማን ኢሜይል?

ሰብልዬ፦
እኔ እንጃ። ሲበራ የማላውቀው ስም ነበር የሚጽፈው፣ የሱቁ መስሎኝ ትቼው።

ቡና በጀበና፦
ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ጊዜ ከርሞ ሊሆን ይችላል እኮ ሱቁ ቁልፍሽን ይዞ።

ማታ ጠጋኝ፦
በቃ ተገኘ፣ ቁልፉ ያለው ልጁ በኢሜይሉ በከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። አሁኑኑ ደውዪለት። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ሪከቨሪ ኪ አይዲ» የሚል ረጅም ጽሑፍ አለ፣ ፎቶ አንሺና ላኪለት። በአካውንቱ ገብቶ ሪከቨሪ ኪ የሚለውን ገጽ ሲከፍት የሸጣቸው ማሽኖች ተደርድረው ሊያገኝ ይችላል። የአይዲው የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር ካንቺ ጋር የሚገጥመውን ይምረጥ። የሚልክልሽ በስድስት በስድስት የተከፈለ 8 ምድብ ቁጥር ነው። እንደተከፈተ ሌላ ነገር ሳትነኪ ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለውን አጥፊው፣ ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ዲስኩን ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቂ። የልጁን አካውንት አስወጥተሽ ኋላ በራስሽ መልሰሽ ትቆልፊዋለሽ።

ሰብልዬ፦
ደወልኩ። ኢሜይሎቹ ብዙ ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ልፈልግ አለ።

ማታ ጠጋኝ፦
እስኪፈልግ አንድ ነገር፦ የሚንቱ ፍላሽ አሁንም ተሰክቷል?

ሰብልዬ፦
አዎ።

ማታ ጠጋኝ፦
እሱን ንቀይው። ባዮስ ውስጥ ቡት ኦርደር ላይ ፍላሹን ወደ ላይ አምጥተሽው ከሆነም ወደነበረበት መልሺው። ሴኩር ቡት ቢመለስም የአነሳሱ ቅደም ተከተል ከተቀየረ ቢትሎከር ሊጠይቅ ይችላል።

ቶሎ ፈቺ፦
ፎርማት ብታደርግ እስካሁን አልቆ ነበር።

የቀለም ቀንድ፦
እግረ መንገዴን፣ ሚንት ላይ አማርኛ እንዴት ነው የምጽፈው? ፊደሉ ይታየኛል፣ መጻፍ ግን አልቻልኩም።

ጋሽ ፔንጉን፦
አይባስ (ሊኑክስ ላይ የመጻፊያ ቋንቋ የሚቀያየርበት) ላይ ኤም17ኤን የሚለውን ጥቅል ጫን፣ ከዚያ «አማርኛ ሴራ» የሚለውን የአጻጻፍ ዘዴ ጨምር። ልክ በላቲን እንደምትጽፈው ነው፣ «ሰላም» ለማለት ድምፁን በላቲን ትመታለህ። ለፊደሉ መልክ «አቢሲኒካ ሲል» የሚባለው ፎንት ነጻ ነው፣ ፈቃዱም ክፍት ነው።

ማታ ጠጋኝ፦
@ሰብልዬ ከምን ደረስሽ?

የቀለም ቀንድ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ጭኜው ግን አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም።

ጋሽ ፔንጉን፦
ሎግ አውት ብለህ ተመልሰህ ግባ።