የቨርቹዋል ራውተሮችን ላይሰንስ በአንድ ቋት ማስተዳደር፦ ራውተሩ ሲጠፋ ላይሰንሱ ለምን አይመለስም?

ጥያቄ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጅማ ከተማ በሚገኝ የቡና ንግድ ድርጅት ውስጥ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ያሉን የቡና መረከቢያ ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ራውተር የላቸውም። ጣቢያው ላይ ቀላል መሣሪያ ብቻ እናስቀምጥና ራውተሩን ጅማ ባሉን ሁለት ሰርቨሮች ላይ በቨርቹዋል ማሽንነት (በሰርቨሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር) እናስኬዳለን። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ 18 ራውተሮች አሉን፤ እሸት ቡና መግባት ሲጀምር፣ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ፣ 10 ተጨማሪ ከፍተን የካቲት ላይ እንዘጋቸዋለን።

ላይሰንሱን (ራውተሩን የማስኬድ ፈቃዱን) የገዛነው ለዶሜናችን፣ ማለትም በአንድነት ለምናስተዳድረው ኔትወርክ፣ በጠቅላላ፣ በቁጥር 30 ነው። አንዱ ላይሰንስ የዚህ ራውተር፣ ሌላው የዚያ ተብሎ አልተከፋፈለም፤ ራውተሩ ሲነሣ ከላይሰንስ ሰርቨሩ አንድ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩም ከጋራው ቋት ቀንሶ ይመዘግብለታል። እንደ እኛ በወቅት ለሚሰፋና ለሚጠብ ሥራ ከዚህ የተሻለ አሠራር አይገኝም ብዬ ለአለቆቼ ያስረዳሁት እኔው ነኝ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን የወቅቱን ራውተሮች መክፈት ስንጀምር ሁለቱ ያለ ችግር ተነሡና ሦስተኛው ላይ «ነፃ ላይሰንስ የለም» የሚል መልእክት መጣ። ሦስተኛው የጌራ ጣቢያ ራውተር ነበር። ላይሰንስ ስላላገኘ ራሱን እጅግ ዝቅተኛ ወደሆነ ፍጥነት አወረደ፤ የመረከቢያ ሠራተኛዋም የሚዛኑን መዝገብ መላክ ስላልቻለች ኪሎውን በደብተር እየጻፈች ማታ ማታ በስልክ ታነብልን ነበር፤ እኛም ጅማ ሆነን እናስገባለን። በአራተኛው ቀን ደረሰኝ ስናመሳክር የአንድ ገበሬ 74 ኪሎ 47 ተብሎ መግባቱን አገኘን። ገንዘቡ ወዲያው ተስተካክሎለታል፤ እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ምክንያቱን ስንፈትሽ፣ አምና የካቲት ላይ የሰረዝናቸው 10 ራውተሮች በላይሰንስ ሰርቨሩ ዘንድ አሁንም «በሥራ ላይ» ተብለው ተመዝግበዋል። 18 እና 10 ሲደመሩ 28፤ የቀረን ሁለት ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ጊዜ ቆጥሮ በራሱ የሚያስለቅቅ ዓይነት ስላልሆነ ሻጩ ማሽኖቹ መጥፋታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተቀበለ በኋላ አስለቀቀልን። ይህ እንዳይደገም ዶሜኑን በጠቅላላ እንዴት ማስተዳደር ይሻላል? አንድ ቋት ይዘን እንቀጥል ወይስ ለየጣቢያው እንከፋፍለው? የፋይበር መስመራችን ሲቆረጥስ ምን እንጠብቅ?

መልስ 1፦ በቨርቹዋል ኔትወርክ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

የገጠማችሁ ነገር ከቋት አሠራሩ የመጣ አይመስለኝም፤ የመጣው ሁለት መዝገቦች ሳይተዋወቁ ከመኖራቸው ነው። ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሰርቨሩ ላይ የሚያስኬደው ሶፍትዌር) የሚያውቀው ማሽኑን ነው፤ ስትሰርዙት ዲስኩንና ሜሞሪውን ይወስዳል፣ ማሽኑ ከሌላ ቦታ ላይሰንስ ተበድሮ እንደነበር ግን የሚነግረው የለም። የላይሰንስ ሰርቨሩ ደግሞ የሚያውቀው ብድሩን ብቻ ነው፤ ዝም ያለውን ራውተር ሞቶ ይሁን መስመር ተቆርጦበት መለየት አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ከላይሰንስ ሰርቨሩ ምዝገባውን ማሰረዝ፣ ቁጥሩ ወደ ቋቱ መመለሱን በዓይን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማሽኑን ማጥፋት ነው። ማሽኑ ቀድሞ ከጠፋ ብድሩን የሚመልስ አካል የለም።

ዝም ያለውን ራውተር ምን ያደርጉታል ለሚለው ሻጮች መልሳቸው የተለያየ ስለሆነ የራሳችሁን ውል ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የራውተር አምራቹ ሲስኮ በቀድሞው የላይሰንስ አሠራሩ፣ በስማርት ላይሰንሲንግ፣ የተመዘገበ መሣሪያ በየ30 ቀኑ ፈቃዱን ያድሳል፤ 90 ቀን ሙሉ ካልተገናኘ ፈቃዱ ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠርና የያዘው ላይሰንስ ወደ ቋቱ ይመለሳል። ከሲስኮ የራውተር ሶፍትዌር ከአይኦኤስ ኤክስኢ 17.3.2 ወዲህ ደግሞ ቀድሞ መመዝገብ ቀርቶ መሣሪያው የአጠቃቀም ሪፖርት በየጊዜው እንዲያቀርብ የሚጠይቅ አሠራር መጥቷል። ማይክሮቲክ በሚባለው ኩባንያ ቨርቹዋል ራውተር፣ በሲኤችአር፣ ላይሰንሱ ከራውተሩ የሲስተም መለያ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ራውተሩ እስከ መጨረሻው ቀነ ገደብ ድረስ ከአካውንት ሰርቨሩ ጋር ካልተገናኘ ሶፍትዌሩን ማሻሻል ይከለከላል እንጂ ባለው ደረጃ መሥራቱን ይቀጥላል። መስመር ሲቆረጥ ምን ይሆናል ላልከው መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ዘዴ ለወራት ይታገሣል፣ ሌላው ሥራውን ጨርሶ አይነካም፣ የእናንተው ደግሞ ላይሰንስ ካጣ ፍጥነት ይቀንሳል። የላይሰንስ ሰርቨሩ እዚያው ጅማ፣ ከራውተሮቹ ጎን ያለ ከሆነ የፋይበሩ መቆረጥ ብዙ አያሳስባችሁም፤ ያለው በሻጩ ዘንድ ከሆነ ግን የትዕግሥት ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ቋቱን ለየጣቢያው መከፋፈሉን አልመክርም። ለጌራ ሦስት፣ ለማና አራት ተብሎ ከተመደበ ማና ላይ የተቀመጠው ትርፍ ጌራን አይረዳም፣ በአንድነት የገዛችሁበት ምክንያትም ይጠፋል። መከፈል ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሙከራ ማሽኖች ከሥራው ቋት እንዲበደሩ አትፍቀዱ። አንድ ባለሙያ ለልምምድ አምስት ራውተር ከፍቶ ሲረሳቸው ያየሁት በተደጋጋሚ ነው።

መልስ 2፦ የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ሐዋሳ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ የምጨምረው ማሽን ኮፒ ስለማድረግ ነው። ወቅታዊ ራውተሮችን የሚከፍቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተዘጋጀ ማሽን አባዝተው ነው የሚጠቀሙት። ቪኤምዌር በሚባለው ሃይፐርቫይዘር ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ ሲነሣ አዛውሬው ነው ወይስ ኮፒ አድርጌው ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ኮፒ የሚለው ከተመረጠ የማሽኑ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥሩ) እና ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ይለወጣሉ። ላይሰንሱ በእነዚህ የሚታወቅ ከሆነ የላይሰንስ ሰርቨሩ አዲስ ራውተር መጣ ብሎ ሁለተኛ ላይሰንስ ይመዘግባል፣ የመጀመሪያውም እንደተያዘ ይቀራል። በተቃራኒው መለያው ሳይለወጥ የተባዛ ማሽን ደግሞ ሁለት ራውተር በአንድ መለያ ሆነው ይጋጫሉ፤ ለዚህ ነው ሲኤችአር ለተባዛ ማሽን አዲስ መለያ ማመንጫ ትእዛዝ ያለው። ስለዚህ የምታባዙት ማሽን ፈጽሞ ያልተመዘገበ ይሁን፤ ምዝገባው ከተባዛ በኋላ ይደረግ።

ሌላው የ30 ቁጥር ነው። 28 በሥራ ላይ ሆኖ ሁለት ትርፍ መያዝ በወረቀት ላይ በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን ሶፍትዌር በምታሻሽሉበት ቀን አሮጌውንና አዲሱን ራውተር ጎን ለጎን ማስኬድ ትፈልጋላችሁ፤ ለዚያች ሰዓት አንዱ ጣቢያ ሁለት ላይሰንስ ይይዛል። ተጠባባቂ ራውተር ካላችሁም ተጠባባቂው ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነ ውሉን እዩት፤ በብዙ ውሎች ይቆጠራል። እኔ ብሆን ማሻሻያውን በሁለት በሁለት ጣቢያ አደርጋለሁ እንጂ ተጨማሪ አልገዛም።

ከራውተሩ ሥር ያለውን ሃይፐርቫይዘርም አትርሱት። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ከጠቀለለ በኋላ የዘለቄታ ላይሰንስ መሸጥ አቁሞ ወደ ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ) ዞሯል፤ ቆጠራውም በኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የማስሊያ ክፍሎች ብዛት) ሆኖ ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይታሰባል። የራውተሮቹ ላይሰንስ በሙሉ ተስተካክሎ የተሸከማቸው ሰርቨር ላይሰንስ ቢያልቅበት ድካሙ ከንቱ ነው።

መልስ 3፦ የግዥ ባለሙያ፣ ጅማ

እኔ ቴክኒኩን አላውቅም፤ ላይሰንስ ሲታደስ ወረቀቱ የሚመጣው ግን ወደ እኔ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኩል የሚታየውን ልናገር። የእኛ ውል ጁን 30 ያልቃል። በድርጅቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «ሰኔ 30» ብሎ ይዞት ነበር፤ ጁን 30 ግን ሰኔ 23 ነው። የሰባት ቀን ልዩነት ማለት ራውተሮቹ በጀት በሚዘጋበት ሳምንት፣ ፊርማ የሚሰጥ ሰው በማይገኝበት ሰዓት፣ ያለ ላይሰንስ ይቀራሉ ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ማለት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አሁን የማለቂያውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ በሰርቨሮቹ መደርደሪያ (ራክ) በር ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የውጭ ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በ57 ብር ገደማ ሒሳብ የተያዘ የዶላር በጀት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ጠየቀ። በየዓመቱ የሚታደስ ላይሰንስ ይህንን ሥጋት በየዓመቱ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቀኖቹ የተበታተኑ ውሎች ካሏችሁ ሻጩ ሁሉንም ወደ አንድ የማለቂያ ቀን እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ፤ ያ ቀንም ሰኔና ሐምሌ አይሁን፣ ቡና በሚገባበት ጥቅምትና ኅዳርም አይሁን። ለእኛ አካባቢ መጋቢት የተሻለ ነው፤ የእድሳት ጥያቄውን ደግሞ መስከረም ላይ ለባንክና ለሻጭ ማስገባት ይቻላል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን የሁለቱን መዝገቦች ዝርዝር ጎን ለጎን አመሳከርን። የሐዋሳው አስተዳዳሪ የጻፉት እኛም ዘንድ ተገኘ፤ በቅርቡ ሰርቨር ስንቀይር ኮፒ ተብሎ የተነሣ የአጋሮ ራውተር ሁለት ላይሰንስ ይዞ ቆይቷል፣ አንዱን አስለቅቀናል።

ማሽን የመሰረዝ መብትን ከሁለታችን በቀር ከሁሉም ሰው አንሥተናል፤ የምንሰርዘውም ወደ ቋቱ የተመለሰውን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፈን ሁለታችንም ከፈረምን በኋላ ነው። በየሰኞው ጠዋት የሃይፐርቫይዘሩን የማሽን ብዛትና የላይሰንስ ሰርቨሩን ቁጥር አነጻጽሮ ልዩነት ካለ ኢሜይል የሚልክ አጭር ስክሪፕትም ጽፈናል። የውላችን ማለቂያ ዲሴምበር 31፣ ማለትም ታኅሣሥ 22፣ መሆኑን ያየሁት የግዥ ባለሙያውን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ያ ቀን የመጨረሻው ቡና ገና ከጣቢያ የሚጫንበት ነው። ወደ መጋቢት እንዲዛወርልን ለሻጩ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ መልሱ ሲመጣ እዚሁ አስፍረዋለሁ።