የተሰረቀ ሰሌዳ ይነበብ ወይስ ይተው?

አወያይ፦
የዛሬው ክርክር የጥንቱን የሮማ ሠራዊት የሚያጠኑ ምሁራንን ሲያነታርክ የኖረ ጉዳይ ነው። ነገሩ ስለ አንድ ጥንታዊ ሰነድ ነው፤ ወታደራዊ ዲፕሎማ ይሉታል። የኮሌጁ እንዳይመስላችሁ። በሮማ ረዳት ጦር፣ ማለትም በአብዛኛው የሮማ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች በሚያገለግሉበት ጦር፣ 25 ዓመት ያገለገለ ወታደር የሮማ ዜግነት ያገኝ ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ በእጅ የሚያዙ ሁለት የነሐስ ሰሌዳዎች ናቸው። ተደራርበው በሽቦ ይታሰራሉ። የ7 ምስክሮች ማኅተም ያርፍባቸዋል። ያው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ የውጭው እንዲነበብ፣ የውስጡ ማንም እንዳይነካካው። እስካሁን ከ1,000 በላይ ሰሌዳና ስባሪ ይታወቃል። ችግሩ ከ1990ዎቹ ወዲህ ብቅ ካሉት ብዙዎቹ ባልካን ውስጥ ያለ ፈቃድ በብረት ጠቋሚ ተፈልገው፣ በደላላ እጅ አልፈው ገበያ የወጡ መሆናቸው ነው። ምሁራን አንብበው ያሳትሟቸው ወይስ አይንኳቸው?

ታሪክ ወዳድ፦
ያሳትሙ እንጂ! የተሰረቀው አንዴ ተሰርቋል። ምሁሩ ፊቱን ስላዞረ ሰሌዳው ወደ ጉድጓዱ አይመለስም። የሆነ ሀብታም ሳሎን ገብቶ ይቀራል፣ በቃ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ እኮ ቀን አለ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም አለ፣ የአገረ ገዥው ስም አለ፣ በአውራጃው የነበሩ ጦሮች ስም አለ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። እስከ እ.ኤ.አ. 140 ድረስ የረዳት ጦር ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ለወለዳቸው ልጆችም ዜግነት ያገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከጽሑፉ ይጠፋሉ። ይህን ተቀምጦ የተረከልን የሮማ ጸሐፊ የለም። ምሁራኑ ሰሌዳ ከሰሌዳ እያመሳከሩ ነው የደረሱበት። ግማሹን "ቆሻሻ ነው" ብለን ብንጥል ከምን ከምኑ ሊያመሳክሩ ነው?

ቆፋሪዋ፦
እኔ የአርኪኦሎጂ ቆፋሪ ነኝ፤ "አንዴ ተሰርቋል" የምትለዋ ነገር ታበሳጨኛለች። ለምን ተሰረቀ? ስለሚሸጥ። ለምን በውድ ይሸጣል? አንድ ፕሮፌሰር "እውነተኛ ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የሃድሪያን ዘመን ነው" ብሎ ስለመሰከረለት። ሰውዬው ሳይከፈለው የደላላው ዋጋ ገማች ሆነ።
ደግሞ ጽሑፉ ሁሉንም አይናገርም። ትራኪያ፣ የዛሬዋ ቡልጋሪያ አካባቢ፣ ለሮማ ብዙ ወታደር የሰጠች አገር ናት። አንድ የትራኪያ ልጅ ብሪታንያ ሄዶ 25 ዓመት አገለገለ እንበል። ሰሌዳው የት እንዳገለገለና የየት ሰው እንደሆነ ይነግረናል። ከዚያስ? አገሩ ገባ ወይስ እዚያው ትዳር ይዞ ቀረ? ሰሌዳው የተገኘው ከመኖሪያ ቤት ነው ከመቃብር? አጠገቡ ምን ነበረ? ይህን የሚያውቀው ጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ ሲጠፋ ሰውዬውም መንገድ ላይ ቀረ።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ ላቲን አልቆጠርኩም። ውትድርና ግን አውቃለሁ። የእኔ መሸኛ በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ባለቤቴ አንድ ቀን ቤት ስታጸዳ "ይህ አሮጌ ወረቀት ይጣል?" ብትለኝ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ያ ሰውዬም ነሐሱን ተሸክሞ ስንት አገር አቋርጦ ቤቱ ያስገባው ለዚያው ነው። ቤቱን ጥላችሁ ወረቀቱን ብቻ ብታነቡለት የሚደሰት አይመስለኝም።

ታሪክ ወዳድ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጽሑፍ ራሱን ችሎ የሚናገርበት ጊዜም አለ። ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ላንሳ። ቀይ ባሕር ላይ፣ ከአዱሊስ ማዶ፣ ዛሬ በሳዑዲ ሥር ያሉት የፋራሳን ደሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ ሁለተኛው ትራያና ሌጌዎን የሚባለው የሮማ ጦር ክፍል ወታደሮች እዚያ የላቲን ጽሑፍ አቁመዋል። ድንጋዩ ራሱ የፋራሳንን ወደብ በስሙ ይጠራል። ጨረታ ቤት ቢገኝ ኖሮም ቦታውን ይነግረን ነበር።

ቆፋሪዋ፦
ፋራሳንን ስላነሳህ ተባረክ። ያ ድንጋይ ከአንድ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ስንቱ "ፎርጅድ ነው" ባለ ነበር! የሮማ ጦር ከግብፅ ያን ያህል ደቡብ ወርዶ ሰፍሯል ቢሉህ ታምን ነበር? ያሳመነን መገኛው ነው። ያለ መገኛ እውነተኛውንም ከሐሰተኛው መለየት ጣጣ ነው።

መሃል ሰፋሪ፦
ሁለታችሁም አከረራችሁት። ጀርመን ውስጥ ሃርትስሆርን የሚባል ኮረብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰዎች ያለ ፈቃድ በብረት ጠቋሚ እየዞሩ ብረታ ብረት አወጡ። የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ነበር የሚፈልጉት። ለዓመታት ዝም ብለው በ2008 ለባለሙያ አሳዩት። ከመሃሉ አንዱ ሮማውያን ለጭነት እንስሳት የሚያደርጉት የብረት ጫማ ሆኖ ተገኘ! በዚያ ምክንያት የ3ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን የጦር ሜዳ ታወቀ። ባለሙያው "ከሕገወጥ ሰው ጋር አልነጋገርም" ብሎ ቢያባርራቸው ምን ይሆን ነበር?
ስለዚህ ይነበብ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። ባለቤት ነኝ ባዩ ከማን፣ መቼ፣ በምን ሰነድ እንደገዛው ይናገር። ዩኔስኮ ሕገወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ብዙ ሙዚየሞችም "ከዚያ በፊት ከአገሩ የወጣ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ታዋቂው የአሜሪካ የአርኪኦሎጂ ጆርናልም መነሻቸው ለማይታወቅ ቅርሶች የመጀመሪያ ማስተዋወቂያ አልሆንም የሚል ደንብ አለው። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ሃርትስሆርን ላይ እኮ ሰዎቹ ቦታውን መርተው አሳይተዋል፤ ደላላ ግን ቦታ አያሳይም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ጡረተኛው፦
አወያዩ መጀመሪያ ላይ ስንት ምስክር ነው ያልከው? ሰባት አይደል? ለአንድ ተራ ወታደር ወረቀት ሰባት ሰው ማኅተም አድርጓል። ታዲያ ነጋዴውም ሰባት ምስክር ያምጣ!

ታሪክ ወዳድ፦
😂 ጋሼ፣ በዚህ ሂሳብ እኮ አንድም ሰሌዳ አይነበብም።

ቆፋሪዋ፦
አይነበባ።