የጉልበት አርትራይተስ ላለባቸው እናት ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይመከራል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 64 ዓመታቸው ሲሆን በሁለቱም ጉልበቶቻቸው ላይ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) እንዳለ በራጅ ታይቷል። ሐኪሙ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ቢነግሯቸውም ዓይነቱንና መጠኑን ስላላብራሩላቸው፣ «ጉልበቴ ጭራሽ ያልቅብኛል» በሚል ስጋት ከቤት መውጣት እየተዉ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እርሳቸውን አብዝቶ የሚያሳዝናቸው ግን ስግደት መቅረቱ ነው።

ምላሽ፦
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስጋታቸው የብዙ ታካሚዎች ስጋት ነው፤ ሆኖም መቀመጥ ጉልበትን አያድንም። የፊተኛው የጭን ጡንቻ ሲደክም ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ስለሚበረታ ሕመሙ ይብሳል፤ ስለዚህ መጀመር ያለበት ጡንቻውን ከማጠንከር ነው። በጀርባቸው ተኝተው አንዱን እግር አጥፈው፣ ሌላውን ሳያጥፉ ከፍራሹ አንድ ስንዝር ያህል ያንሡና 5 ሰከንድ ያቆዩት፤ 10 ጊዜ ደጋግመው እግር ይቀይሩ። ይህ ሲቀላቸው ከፍ ካለ ወንበር (ከበርጩማ አይሆንም) ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ ይጨመራል፤ ሜዳ ላይ በእግር መሄድም ጥሩ ነው። በልምምዱ ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢሰማቸው አይደንግጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ብሶ ካደረ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን መጠኑ በዝቷልና ይቀንሱት። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጡ አደራ።

ምላሽ፦
ደረጃውን በተመለከተ፣ ሲወጡ ሕመሙ የሚቀልለት እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ደግሞ የባሰበት። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ በጣም ከሚያማቸው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይሁን፤ ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይዞ ሲያነክስ አያለሁ። ውፍረት ካለባቸውም 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያነሣል።

ምላሽ፦
ስለ ስግደቱ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛ ከአቅሙ በላይ አይጠየቅምና ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንዲጸልዩ ሊፈቅዱላቸው ይችላሉ። በቅዳሴም መቋሚያ ይያዙ፣ ሲደክማቸውም ይቀመጡ።

ምላሽ፦
በድጋሚ ባለሙያው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ ከተኮሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው ልምምዱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።