የኮሌጅ ስፖርት ገጾች የጋራ ሊንክ፦ መለጠፊያው ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ጥያቄውን ያነሣው

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦልና (የአሜሪካው ዓይነት) ቅርጫት ኳስ ገጾች ላይ ለየስፖርቱ አንድ የጋራ መለጠፊያ (አንዴ ተጽፎ በብዙ ገጽ የሚሠራ ኮድ፣ ቴምፕሌት) እንጠቀማለን። ጸሐፊው ዓመቱንና የቡድኑን ስም ብቻ ያስገባል። መለጠፊያው ለምሳሌ «የ2019 ሚሺጋን ወልቨሪንስ ፉትቦል ቡድን» የሚባል ገጽ መኖሩን ያያል። ካለ ወደዚያ ይወስዳል። ከሌለ ወደ ጠቅላላው የሚሺጋን ፉትቦል ገጽ ይልካል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። መለጠፊያውን እየጠገንን እንቀጥል ወይስ ሁሉንም በተራ ሊንክ ተክተን እንገላገል? እኔ እንገላገል ባይ ነኝ። የሚጠግኑት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱ የደከሙ ቀን ማን ይይዘዋል?

የጥገና ሰው

ወንድሜ፣ ከጠጋኞቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ገና አልደከምኩም። ሥራውን ከሥር ላሳይህ።

አንድ የፉትቦል ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን ብዙ ጊዜ 12 ጨዋታ አለው። ስለዚህ ስሙ በ12 ተጋጣሚዎች የጨዋታ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የአንዱ ቡድን ገጽ ተጽፎ የሌላው ገና ሊሆን ይችላል። መለጠፊያው ካለ፣ ገጹ በተጻፈ ጊዜ አሥራ ሁለቱም ሠንጠረዦች በራሳቸው ወደ አዲሱ ገጽ ይዞራሉ። ማንም እጁን አያነሣም። በተራ ሊንክ ቢሆን አንድ ሰው አሥራ ሁለት ገጽ ከፍቶ አንድ በአንድ ማስተካከል አለበት። ይኼን በመቶ ለሚቆጠሩ ቡድኖች አስበው። በየዓመቱ።

መገላገል ያልከው ለእኔ ሸክሙን ከጥቂት ሰው አንሥቶ ለብዙ ሰው ማከፋፈል ነው። የተከፋፈለ ሥራ ደግሞ ባለቤት አይኖረውም።

ሠንጠረዥ ሠሪ

ለአዲስ ገጾች ያልከው እውነት ነው። ግን ስለ ረጃጅሞቹ ገጾች ዝም አልክ።

ሊሃይ እና ላፋየት የሚባሉት ሁለት የፔንሲልቬንያ ኮሌጆች ከ1884 ጀምሮ ይጋጠማሉ። በ2024 ያደረጉት 160ኛ ጨዋታቸው ነበር። በኮሌጅ ፉትቦል ይህን ያህል ጊዜ የተገናኙ ሌሎች ሁለት ቡድኖች የሉም። አሁን ሁሉንም ጨዋታ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድር፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለቱንም ቡድን በመለጠፊያው አገናኝ። መለጠፊያው እስከ 320 ጊዜ «ይህ ገጽ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው። ውክፔዲያ ላይ አንድ ገጽ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲጠይቅ የሚፈቀድለት 500 ጊዜ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ በቅን ልቦና የአሰልጣኞችና የሻምፒዮና ሠንጠረዥ ቢጨምርበት ገደቡ ያልፋል።

የሚያስፈራው ካለፈ በኋላ የሚሆነው ነው። ለአንባቢው ምንም የሚታየው ስሕተት የለም። ከ500ኛው በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ መልሱ «የለም» ይሆናል። ከላይ ያሉት ረድፎች ወደ ትክክለኛው ዓመት ይወስዳሉ። ከታች ያሉት ገጻቸው እያለ ሁሉም ወደ ጠቅላላው ገጽ ይሄዳሉ። ሊንኩ ሰማያዊ ነው፣ ጽሑፉም ትክክል ነው፣ የሚወስድህ ቦታ ግን ሌላ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ገጽ አጋጥሞኝ ምክንያቱን እስካገኘው ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተከታታይ

እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እባካችሁ በትዕግሥት አንብቡኝ።

ገጽ ሲጎድል ተራ ሊንክ ቀይ ይሆናል። ቀይ ሊንክ ጥሪ ነው። «ይኼ አልተጻፈም፤ ጻፈው» ይላል። ብዙዎቻችን መጻፍ የጀመርነው አንድ ቀይ ሊንክ አይተን ነው። መለጠፊያው ግን ጎደሎውን በሰማያዊ ቀለም ይሸፍነዋል።

የኮኔክቲከት ሴቶች 111 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው በ2017 ሚሲሲፒ ስቴት ነው ያቆማቸው። በዚያ ሩጫ ውስጥ የተሸነፉትን ቡድኖች አስቡ። በብዙ ኮሌጆች የወንዶቹ ቡድን በየዓመቱ ገጽ አለው፤ የሴቶቹ በብዙ ዓመት የለውም። ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው ግን ሁሉም ሰማያዊ ስለሆነ ሁሉም የተጻፈ ይመስለዋል። እውነቱን ለማወቅ እያንዳንዱን መጫን አለበት። ይኼን ማን ያደርጋል?

ስለዚህ የጥገና ሰው፣ ጊዜ ቆጠብን ስትል የማን ጊዜ እንደሆነም አስብ። ያልተጻፈው የሴቶቹ ታሪክ ተደብቆ ነው የቆጠብነው።

አዲስ ገብ

እኔ ከናንተ ጋር የምከራከር ሰው አይደለሁም፤ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ነው። አንድ ነገር ልናገር ብቻ።

ሯጩን ያሬድ ኑጉሴን ታውቁታላችሁ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ለኖትርዳም ኮሌጅ ሲሮጥ በ2019 የኮሌጆች ሻምፒዮናን በ1500 ሜትር አሸነፈ፤ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ነሐስ አገኘ። ስለ እሱ ትንሽ ልጽፍ ብዬ ኮሌጁን ከ2019 ጋር ላገናኝ ፈለግኩ። ከአንድ ገጽ ላይ ይኼን መለጠፊያ አየሁና ቀዳሁት። ዓመቱን 2019፣ ቡድኑን ኖትርዳም ፋይቲንግ አይሪሽ አልኩ። ሳየው ልክ ነው፤ አስቀመጥኩት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው በትሕትና ጻፈልኝ። ለካ የቀዳሁት የፉትቦሉን መለጠፊያ ነው። ሯጩን በ2019 የኖትርዳም ፉትቦል ቡድን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። በጣም አፈርኩ። በተራ ሊንክ ቢሆን ኖሮ የምገናኝበትን ገጽ ሙሉ ስም በእጄ ስለምጽፈው «ፉትቦል» የሚለውን ቃል አየው ነበር።

የጥገና ሰው

አይዞሽ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ። ከአንቺ የምወስደው ግን አለ። የመለጠፊያው ማብራሪያ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ይህ ለፉትቦል ብቻ ነው» ማለት አለበት። ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።

እህታችን ስለ ሴቶቹ ያነሣችው ደግሞ ልቤ ገብቷል። ሰበብ የለኝም።

የስም ታሪክ አጥኚ

እስካሁን ያልተነሣ ነገር ልጨምር። የኮሌጅ ቡድን ስም አይረጋም።

ኖርዝ ዳኮታን ተመልከቱ። እስከ 2012 ፋይቲንግ ሱ ነበሩ። ከዚያ እስከ 2015 ያለ ቅጽል ስም ተጫወቱ። በ2015 ፋይቲንግ ሆክስ ሆኑ። የ2011፣ የ2013 እና የ2016 ቡድናቸው ሦስት የተለያየ ስም አለው። ስታንፎርድም እስከ 1972 ኢንዲያንስ (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መጠሪያ) ይባሉ ነበር። ኮንፈረንሱም (ኮሌጆቹ የሚወዳደሩበት ማኅበር) እንዲሁ ነው። ቴክሳስ እና ኦክላሆማ በ2024 ቢግ 12ን ለቀው ወደ ሳውዝ ኢስተርን ገቡ። በዚያው ዓመት ከፓክ 12 አሥር ኮሌጆች ወጥተው ኦሪገን ስቴት እና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ።

አሁን የጋራ መለጠፊያው ኮንፈረንሱንም እንዲይዝ ቢደረግና አንድ ቀና ሰው ገብቶ የቴክሳስን «አዘመነ» እንበል። አንድ መስመር ነው የነካው። ግን የ2009 ገጽም አብሮ ይለወጣል። በ2009 ቴክሳስ የቢግ 12 ሻምፒዮን ነበር። ገጹ ግን በሌላ ኮንፈረንስ ያስቀምጠዋል። ያለፈ ጨዋታ አልፏል፤ ዛሬ በተደረገ ማስተካከያ መነካካት የለበትም። ከሁሉም በላይ የምቆረቆረው ለዚህ ነው። የ1971 ስታንፎርድ ዛሬ ስሙ ባይወደድም ኢንዲያንስ ነው የሚባለው፤ እንደነበረ ይጻፍ።

ጥያቄውን ያነሣው

እንግዲህ እኔን ደገፋችሁ ማለት ነው። ይውጣ።

የስም ታሪክ አጥኚ

አይደለም። ስላለፈው ነው የተናገርኩት። ገና ለሚመጣው ዓመት የጥገና ሰው ትክክል ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ በእጅ አዙሩ አልልም።

የጥገና ሰው

እኔም ከነበርኩበት ልነሣ። የማቀርበው ይኼን ነው። ውድድሩ እየተካሄደ ባለበት ዓመት መለጠፊያው ይሥራ። የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ ሊንኩ ወደ ተራ ሊንክ ይቀየር። ገጹ ያለው ወደ ገጹ፣ ገጹ የሌለው ወደ ቀይ ሊንክ። ወደ ጠቅላላው ገጽ ማንንም አንላክ። እንዲህ ከሆነ ስሙ እንደ ዓመቱ ይቆያል፣ የ500ው ገደብ ጣጣ ከአሮጌ ገጾች ይነሣል፣ ያልተጻፉት የሴቶች ዓመታትም በግልጽ ይታያሉ። ቅየራውን ቦት (በራሱ የሚያርም ፕሮግራም) ይሠራዋል፤ ስሞቹን ግን ሰው ያያቸዋል።

ሠንጠረዥ ሠሪ

ቀይ የበዛበት ገጽ ለዓይን ያስቀይማል የሚል ሰው ይመጣል። አሁኑኑ ተዘጋጁ።

የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተከታታይ

ይምጣ። እኔ እመልስለታለሁ። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። በውድድሩ ዓመትም ቢሆን የሴቶቹ ሊንክ ከመጀመሪያው ቀይ ይሁን። ሰው የሚጽፈው ጨዋታው ትኩስ እያለ ነው። ካለቀ በኋላ ቀይ ብታደርገው የሚጽፈው ሰው ሄዷል።

የጥገና ሰው

ይኼን አላሰብኩትም። መለጠፊያው ገጽ ሲያጣ ዝም ብሎ ቀይ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ግን ለወንዶቹም እኩል መሆን አለበት። መሞከሪያው ገጽ ላይ ሠርቼ አሳያችኋለሁ፤ ዋናውን ሳትስማሙ አልነካውም።

ጥያቄውን ያነሣው

ቀይ የሚያሳይ ከሆነ እኔም «ይውጣ» ማለቴን አነሣለሁ። የሚጠግን ሰው ጉዳይ ግን አልተመለሰልኝም። ከጥገና ሰው ሌላ ሁለት ሰው ስሙን ካላስመዘገበ ድምፄን አልሰጥም።

አዲስ ገብ

ኮዱን አላውቅም። ስሞቹን ከየዓመቱ ጋር ማመሳከር ግን እችላለሁ። አንዷ እኔ ልሁን። በኖርዝ ዳኮታ እጀምራለሁ።