ዲኤክሷ ሰኞ ሰኞ አልነሳም ትላለች፤ ሦስተኛ ባትሪ ልግዛ ወይ?

ጠያቂ፣ ከጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። አስተማሪ ነኝ። ቤቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ ነው፣ የማስተምረው አዘዞ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ፣ ማንዋል ናት። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አትልም፤ ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ትነሳለች። ቅዳሜና እሁድ ቆማ ከዋለች ግን ሰኞ ጠዋት "ቀጭ" ትልና ዝም። የዳሽቦርዱ መብራት ይፈዛል፣ ክላክሱም ይታፈናል።

ዘንድሮ ብቻ ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። ሁለተኛውን ከገዛሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያይና "ባትሪው ሞቷል" ይለኛል። መለኪያ ሲያወጣ ግን አይቼው አላውቅም። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ግዢ እያለኝ ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ይህን አይችልም።

ስለዚህ ዓርብ ማታ አፍንጫዋን ቁልቁል አዙሬ አቆማታለሁ። ሰኞ የሰፈር ልጆች ገፋ ያደርጉልኛል፣ በሁለተኛ ማርሽ ትነሳለች። ግን ሕፃናት ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ ባጃጅ በሚተራመስበት ቁልቁለት፣ ሞተሯ ያልተነሳ መኪና መልቀቅ ያስፈራኛል። ሞተሩ ካልሠራ ፍሬኑም ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ስነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት በጣም በስሱ ትቀላለች። ቀን አትታይም። አመድ ውስጥ የቀረች ፍም በሏት። መካኒኩ "እሱ ምንም አይደል" አለኝ። እውነት ምንም አይደል?

መልስ፣ የመተማ መንገድ ሾፌር

አይዞሽ እህቴ። እኔ ጎንደር መተማ ነው የምሠራው። የመተማ ሙቀት የባትሪ ውሃ ይጨርሳል፣ ዕድሜውንም ይበላዋል። ጎንደር ስትመለሺ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ድካሙን ያወጣበታል። ባትሪሽ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን እዪ። ሳህኖቹ ከውሃው በላይ ከወጡ ጎድሏል ማለት ነው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም።

የባትሪው ራሶች ላይ፣ ገመዶቹ የሚታሰሩበት ማለቴ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ በድሮ የጥርስ ብሩሽ እሺው። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍቺ፣ ስትመልሺ መጨረሻ እሰሪ። የመፍቻው ቁልፍ ፖዘቲቩን ይዞ ቦዲውን ከነካ እሳት ነው።

ዲናሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው፣ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ኔጋቲቩን ንቀዪው። ከጠፋች ዲናሞው አይሠራም።

መልስ፣ የመኪና ኤሌክትሪሽያን

የመጨረሻዋን እባክሽ እንዳታደርጊያት። ሾፌሩ ወንድሜ፣ ስለ ውሃውና ስለ ራሶቹ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ይቺ ግን ብዙ ዲናሞ ስታቃጥል አይቻለሁ። ሞተር እየሠራ ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ድንገት ይዘላል። ያንን የሚውጠው ባትሪው ነበር። የዲናሞው ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ይሄዳል፤ ኮምፒውተር ያላት መኪና ከሆነች ኮምፒውተሯም ሊሄድ ይችላል።

አስተማሪዋ እህቴ፣ ፍሟ ምንም አይደል አይባልም። እኔ ባትሪሽን ሳይሆን ዲናሞሽን ነው የምጠረጥረው። ዲናሞ ሲዞር የሚያመነጨው ኤሲ ነው፣ አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ ብቻ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን። መሀል ላይ ያሉት ዳዮዶች ወደ ባትሪው ያሳልፋሉ፣ እንዲመለስ ግን አይፈቅዱም። አንዱ ከተበላሸ መኪናዋ ቆማም ባትሪው ወደ ዲናሞው እየፈሰሰ ያድራል። አዲስ ባትሪ ብትገዢም ያው ይፈሳል።

ገንዘብ የማትጠይቅ ምርመራ ልንገርሽ። ሰኞን አትጠብቂ፤ ሰኞ ባትሪው ባዶ ስለሆነ ዲናሞውም ይቀዘቅዛል። በሳምንቱ መሀል በጠዋት፣ ሳታስነሺ፣ ኮፈኑን ክፈቺና መዳፍሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ። የጎንደር ሌሊት ድንጋይ አድርጎት ያድራል። ከዚያ ዲናሞውን ንኪው። እሱ ብቻ ለብ ካለ ሌሊቱን ሲበላ አድሯል።

ቀጥሎ መለኪያ። ስታድር 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነች ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ፍሳሹን ለማየት ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ኔጋቲቩ ይፈታና መልቲሜትሩ በባትሪው ራስና በገመዱ መሀል በአምፔር ይገባል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ጤነኛ ነው። መለኪያው እዚያ እያለ ቁልፍ እንዳታዞሪ፣ የመለኪያው ፊውዝ ይበጠሳል። ቁጥሩ ከ50 ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። አንዱ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ችግሩ እዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ወጥተው ካልወረደ ወደ ዲናሞው ሂጂ። እግረ መንገድሽን ፊውዝ ቦታ ሽቦ የጠመዘዘ ሰው ካለ አውጪው። ፊውዝ የተሠራው ገመዱ ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲበጠስ ነው።

ጠያቂ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጤዛ ነበር። ራዲያተሩ፣ የሞተሩ ራስ፣ የባትሪው ጎን፣ ሁሉም እጅ ያደነዝዛል። ዲናሞው ላይ መዳፌን ሳደርግ ለብ አለኝ። አሁን እንቁላል የጣለች ዶሮ የተነሳችበት ጎጆ ያህል። ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ። እናቴን ጠርቼ እሷም ነካችው።

መለኪያ ያለው ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት። ቁጥሩን ራሴ አየሁት፤ 0.8 አምፔር፣ ማለትም 800 ሚሊ አምፔር። ፊውዞቹን ሁሉ ነቀለ፣ ንቅንቅ አላለም። ኔጋቲቩን ፈትቶ ከዲናሞው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ አውልቆ በፕላስተር ጠቀለለው። መልሶ ሲለካ ወደ 0.02 ወረደ። ቤት ገብቼ አሰላሁት። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። በ0.8 ሲባዛ 48 አምፔር ሰዓት ይመጣል። ባትሪዬ ላይ የተጻፈው 45 ነው። እየደጋገመ ባዶ ሲሆን የመጀመሪያውም ባትሪ ለምን እንደሞተ ገባኝ።

ዳዮዱ ተቀየረ፣ ዲናሞው ውስጥ የሚያልቁት ካርቦኖችም አልቀው ስለነበር አብረው ተቀየሩ። ባትሪው ቀስ ብሎ ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ተመለሰልኝ፤ አልተገዛም። ፍሟም ጠፍታለች። ያለፉትን ሁለት ሰኞዎች በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ኤሌክትሪሽያኑ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሾፌሩም ተባረክ፣ ራሶቹን እንዳልከው አጥቤያቸዋለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ አፍንጫዋን ሽቅብ አዙሬ አቁሜያታለሁ።