የራቭ ፎር የኋላ ቀበቶ ሪኮል፦ መኪናዬ መካተቷን በምን ላረጋግጥ?

ከማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ራቭ ፎር ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች፣ ከዱባይ የገባች። ይህ ሞዴል በኋላ ወንበር ቀበቶ ምክንያት ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ መጥራቱ) እንደወጣበት ሰማሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ስለሆኑ አሳስቦኛል። ደብረ ማርቆስ ሆኜ እንዴት ላጣራ? ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ቆመን ቀበቶ ስንስብ ይቆልፋል። ይሄም የዚሁ ችግር ነው?

ጣና ጋራዥ
ሁለቱ አይገናኙም ወንድሜ።

ሪኮሉ እውነት ነው። ቶዮታ የጠራው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ሲሆን በዓለም ዙሪያ ወደ 2.9 ሚሊዮን መኪና ይነካል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2005 እስከ ነሐሴ 2014 የተመረቱ ራቭ ፎሮች አሉበት። ጥፋቱ ግን ቀበቶው ላይ አይደለም። የኋላ መቀመጫው ስር ያለው የብረት ፍሬም ነው። ከፊት በኩል ከባድ ግጭት ሲደርስ በግራና በቀኝ የተቀመጠው ሰው ቀበቶ ከፍሬሙ ጋር ተፋትጎ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ቀበቶውን አገላብጠህ ብታይ ምንም አታገኝም፣ አዲስ ቀበቶ ብታስገባም አይፈታም። መፍትሔው ብረቱ ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ሥራው ቀላል ነው።

ቁልቁለት ላይ መቆለፉ ጤነኛ ነው። ቀበቶው የሚጠቀለልበት መጠቅለያ ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ አለች፤ መኪናው ሲያዘነብል ወይም በድንገት ፍሬን ሲያዝ ከቦታዋ ትንሸራተትና ጥርሱን ታስይዛለች። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው መልሰህ ቀስ ብለህ ሳበው፤ እምቢ ካለ ሜዳ ላይ እሰሩ። ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ እየሳብክ የሚቆልፍ ከሆነ ግን መጠቅለያው ተበላሽቷል ወይም ዘሞ ተገጥሟል።

ሊብሬ ፈታሽ
ስለ ማጣራቱ፦ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ብቻ አትገልብጥ፣ መኪናው ላይ ካለው ሰሌዳ ጋር አስተያየው። በዚህ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ሊብሬህ ላይ ኦ ካየህ ዜሮ ነው።

የአሜሪካው የሪኮል መፈለጊያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ነው የሚያውቀው። እንዳንተ ከዱባይ የገባች የገልፍ (የባሕረ ሰላጤው አገሮች) መኪና ቁጥር አስገብተህ «ሪኮል የለም» ቢልህ ነፃ ናት ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቁጥሩን ለቶዮታ ወኪል ለሞኤንኮ ስጥና ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ያልተሠራ ሪኮል አለባት ወይ? ሽፋኑ በእጃቸው አለ ወይ? በሌላ አስመጪ የገባች መኪና ያለ ክፍያ ይሠራሉ ወይ? መልሱን ሳታገኝ ወደ እነሱ መንገድ አትጀምር። በቀጥታ ከጃፓን የገባች ብትሆን ኖሮ ቁጥሯ ከ17 ያጠረ ስለሚሆን በጃፓኑ የቶዮታ ገጽ ነበር የሚፈለገው።

ከማርቆስ
እግዜር ይስጥልኝ። የአንዱ ቀበቶ ዳር ተቦጭቋል፣ ልብስ ሰፊ ቢሰፋው ይሆናል? ሌላው ደግሞ ሲለቁት አይመለስም።

ጣና ጋራዥ
አይሰፋም! ክሩ ጭነቱን የሚሸከመው ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ሆኖ ነው፤ መርፌ የገባበት ቦታ ላይ ይቀደዳል። ሙሉውን ከነመጠቅለያው ቀይር። ከተጋጨ መኪና የተፈታ አትግዛ፣ አንዴ የተወጠረ ቀበቶ ለሁለተኛ ግጭት አይታመንም። ቡሎኑ የራሱ ይሁን፣ ጥርሱ ከተራው የሚሊሜትር ቡሎን የተለየ ነው፤ ሲታሰር በ42 ኒውተን ሜትር ኃይል ይጥበቅ።

የማይመለሰው አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ቀበቶውን እስከ መጨረሻ ሳብና በመቆንጠጫ ያዘው፣ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠበው፣ ትከሻ ላይ የሚያልፍባትን ቀለበትም ጥረግ፣ በጥላ ሳይደርቅ አትልቀቀው። በረኪና ክሩን ይበላዋል።

የፊት ቀበቶዎችን ራስህ አትፍታ፤ ግጭት ሲመጣ በባሩድ የሚወጥር መሣሪያ አለባቸው። የሚፈታው ሰው ቁልፉን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ያውልቅና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ቢጫውን ሶኬት በቴስተር አይለካ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሲጨርስ ቁልፉን ክፈት፦ የኤር ባግ መብራት ለ6 ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ሰው ነካክቶታል፤ መኪናውን ሳይመልሱልህ በፊት ይታይ።